ከልብ

ማንኪያውን የላስኩት ሳላስበው ነው። ነሐሴ 4 ቀን፣ ፍልሰታ በገባች በአራተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ ነበር። አሌክሳንድሪያ በምትባል የቨርጂኒያ ከተማ፣ በልጄ ወጥ ቤት ቆሜ ሙዝና እርጎ ስደባልቅ ቆይቼ፣ ማንኪያው ላይ የቀረችውን ጠብታ እንደ ልጅነቴ በምላሴ አነሳኋት። የደነገጥኩት ከዋጥኳት በኋላ ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሳላስታጉል የጾምኳትን ፍልሰታ ያስፈታኝ ድግስ አይደለም፣ ሕመምም አይደለም። የውሻ ምግብ ነው።

ውሻው ቡና ይባላል። ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው፤ ምጣድ ላይ ትንሽ የቆየ ቡና ይመስላል። ልጄ ሥራ ስትወጣ ፍሪጁ በር ላይ ወረቀት የመለጠፍ ልማድ አላት፤ የዚያ ቀን ወረቀት ስለ እርሱ ነበር። «አባዬ፣ ሙዝ ሁለት ይበቃል፣ በደንብ የበሰለውን ይምረጡ። እርጎው ስኳር የሌለበት ነው፣ ነጩ ጣሳ። ሐብሐቡን ልጣጩን ይጣሉለት፣ ፍሬውንም ይልቀሙለት። ፖም ካከሉ ዘሩን ያውጡ። ወይንና ዘቢብ እንዳያስጠጉ!» የመጨረሻዋ መስመር ሁለት ጊዜ ተሠምሮባታል። ይህን ሁሉ በሹካ አድቅቆ፣ የአጥንት ቅርጽ ባለው የጎማ መቅረጫ ሞልቶ፣ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ነው። በማግሥቱ ጎማውን ሲያጥፉት አጥንት የመሰለ የፍራፍሬ በረዶ ዱብ ይላል። በጣም የደረቀ እንደሆነ የውሻውን ጥርስ ይሰብራልና ጥቂት ደቂቃ ውጭ ማቆየት ያስፈልጋል። ይህንንም ጽፋልኛለች።

ነሐሴ እዚያ አገር እሳት ነው። እኛ ጎጃም፣ ቁይ ላይ በጉም ተሸፍነን ጋቢ በምንደርብበት ወር፣ እዚያ አስፋልቱ ጫማ ያቀልጣል። ውሻ ደግሞ እንደ ሰው ገላው አያልበውም፤ ላቡ ከመዳፉ ሥር ብቻ ነው፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን ዘርግቶ በማለክለክ ነው። ቡና ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ሆዱን አጣብቆ ተኝቶ ጎኑ እንደ ወናፍ ሲነሳና ሲወርድ አየዋለሁ። ጣፋጭ ይወዳል። ድመት ቢሆን ኖሮ ድካሜ ሁሉ በከንቱ ነበር፤ ድመት የጣፋጭ ጣዕም የሚለይ ነገር ምላሷ ላይ የላትም ይላሉ አዋቂዎቹ። ውሻ ግን እንደ እኛው ነው።

እዚህ ላይ ማንነቴን ልናገር፤ ካልተናገርኩ ጉዳዩ ለምን ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳኝ አይገባም። የቁይ ሰው ነኝ፣ የደባይ ጥላትግን ወረዳ። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ፣ ድቁና ተቀብዬ፣ ቅኔ ልቆጥር ከቤት ወጥቼ የቆሎ ተማሪ ሆኛለሁ። ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቼ መምህር ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣም አማርኛ አስተማርኩ። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ከውሻ ጋር ያለውን ጉዳይ የሚያውቀው የቆሎ ተማሪ የነበረ ብቻ ነው።

ደበሎ ለብሰህ፣ አኩፋዳ አንግተህ፣ በአንድ እጅህ ዱላ ይዘህ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሰው ደጅ ቆመህ «በእንተ ስማ ለማርያም» ትላለህ። ከቤቱ ውስጥ ሰው ከመውጣቱ በፊት ውሻው ይወጣል። የሚያሳድድህ ሌባ መስለኸው ብቻ አይመስለኝም። የምትለምነው የእርሱን ነው። ቁራሹ፣ ኮቾሮው፣ ከልጆች የተረፈው፣ አንተ ባትመጣ ለማን ነበር? እኛና የጎጃም ውሻ የተጣላነው በአንድ መሶብ ግርጌ ነው።

አንድ ማታ፣ ዲማ ጊዮርጊስ መንገድ ላይ ካለች መንደር፣ አንዲት እናት ለመስጠት ወጡ። በእጃቸው አንድ ቁራሽ የስንዴ ዳቦ ይዘዋል። ውሻው አላስጠጋኝ ሲል ቁራሹን ለሁለት ገመሱና ግማሹን ለእርሱ ወረወሩለት። እርሱ ያን ሲያላምጥ እኔ ግማሼን ተቀብዬ ሮጥኩ። የእርሱ ግማሽ ይበልጥ ነበር። ሌላ ምስክር የለኝም፣ ጨለማም ነበር፤ ግን ያኔም አምኛለሁ፣ ዛሬም አምናለሁ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ባቴን ነከሰኝ፤ ጠባሳው አለ። ባለቤቲቱ ከውሻው ጀርባ ጸጉር ላጭተው አቃጠሉና አመዱን ቁስሉ ላይ ነሰነሱልኝ። እብድ ቢሆን ኖሮ አመድ የሚያተርፈኝ አልነበረም፤ ገንዘብና ዘመድ ያለው አዲስ አበባ «ፓስተር» ሄዶ መርፌ ይወጋል፣ የሌለው አርባ ቀን ይቆጥራል። እኔ ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲያ ውሻ ያለበት ደጅ ስደርስ ገና ከሩቅ ከአኩፋዳዬ ቁራሽ አውጥቼ እወረውርለት ጀመር። ጓደኞቼ «ለውሻ ይመጸውታል» ብለው ሳቁብኝ። ምጽዋት አልነበረም፤ ቀረጥ ነበር።

ቅኔ ቤት ሆነን በዚህ ነገር ቀልደንበታል። ግዕዙ ውሻን «ከልብ» ነው የሚለው፤ ብዙውን ሲያደርገው «ከለባት»። አማርኛው ደግሞ «ከልብ» ሲል ከውስጥ፣ ከእውነት ማለቱ ነው። ለቅኔ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ከመካከላችን አንዱ፣ እንደ እኔው የተነከሰ፣ «የሰጡኝ ቁራሽ የከልብ ነው» አለና ሳቃችን የኔታን አስነሳ። ወርቁ ከልብ የመነጨ ምጽዋት፤ ሰሙ የውሻ ድርሻ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጥቂት አሰቡና «ይህ ሰሙ ከወርቁ የከበደ ነው፣ ተውት» አሉ። ለምን እንደከበደ አልነገሩንም። እኔ ግን ቨርጂኒያ ላይ፣ ቀዝቃዛ የጎማ አጥንት በእጄ ይዤ፣ እንደገና ሰማኋቸው።

ቋንቋችን ለውሻ አይራራለትም። ሰው ገዳዩ ሳይታወቅ፣ ጠያቂ ሳይኖረው ሲቀር «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» እንላለን፤ የውሻ ደም ካሣ የለውምና። በሌላ በኩል የአክሱሙን ንጉሥ ስም፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ባሕር ተሻግሮ የመን የዘመተውን፣ ካሌብን፣ ከዚሁ ከውሻ ስም ጋር የሚያዛምዱ ሊቃውንት አሉ። ወደዚያ ክርክር አልገባም። ቤተ ክርስቲያናችንም ቢሆን ውሻን በቅጽሯ አታሳድርም። በእኛ ደብር አንድ ጊዜ ውሻ ቅኔ ማሕሌት ገብቶ ተገኝቶ ስንት ጸሎት እንደተደረሰ፣ ስንት ጸበል እንደተረጨ አስታውሳለሁ።

ያቺ ሁለት ጊዜ የተሠመረባት መስመር ደግሞ ሌላ በር ከፈተችብኝ። ወይንና ዘቢብ። ማታ ልጄን ጠየቅኋት። ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ያቆማል አለች፤ ጥቂት ፍሬ እንኳ የምትበቃው ውሻ አለ፤ ታርታሪክ አሲድ የሚባለው ነገር ነው ተብሎ ይጠረጠራል። እኔ ዲያቆን ሆኜ በቤተልሔም ዘቢብ ያጠብኩ፣ የዘፈዘፍኩ፣ የጨመቅኩ ሰው ነኝ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የቁርባኑን ወይን የምታዘጋጀው ከዘቢብ ነው። ያ ጣቴን ያጣበቀው፣ ጠርቶ በጽዋ የሚቀርበው፣ ለውሻ መርዝ ኖሯል! ወዲያው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 መጣብኝ፤ የተቀደሰውን ለውሾች እንዳንሰጥ የሚያዘው። የጥንት አባቶች ይህን ቃል ስለ ቁርባን ነው ብለው ተርጉመውታል። ለአንድ አፍታ ታላቅ ምሥጢር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ግን በራሴ ሳቅሁ። ወንጌሉ የሚጠብቀው ቅዱሱን ነው፣ የልጄ ወረቀት የሚጠብቀው ውሻውን። ቃሉ አንድ፣ ልቡ ግን ሁለት ነው። ወረቀቱን የጻፈች ሰው፣ ለዚያ እንስሳ ምን እንደሚጠቅመውና ምን እንደሚጎዳው ቁጭ ብላ አስባለታለች። እኛ ስለ ውሻ ስናስብ ሁልጊዜ የምናስበው ከእርሱ ምን እንደምንጠብቅ ነው፤ ወይም ምንን ከእርሱ እንደምንጠብቅ።

በዚያው ሰሞን እህቴ ከቁይ ደወለች። ታላቄ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ምን እየሠራህ ዋልክ ስትለኝ እውነቱን ነገርኳት። ስልኩ ጸጥ አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ለውሻ ነው ሙዙ?»

«ለውሻ ነው።»

«በረዶ አድርገህ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ እናንተ በረዶ ወዳጆች ከሆናችሁ፣ እዚህ መጥታችሁ ውሰዱልን።»

አልቀለደችም። ለእኛ በረዶ ከፍሪዘር አይወጣም። ከጮቄ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ተጠቅልሎ ሲመጣ፣ መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ጤፉ ዘለላ አውጥቶ ራሱን ሲደፋ፣ ያኔ ነው የሚመጣው። የቆርቆሮው ጩኸት ሰው ከሰው አያሰማም። ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሲያባራ ወጥተህ የምታየው ማሳ፣ ከብት የተኛበት ይመስላል። ዘጸአት ላይ በግብፅ የወረደውን መቅሠፍት በቄስ ትምህርት ቤት ሲነግሩን ማብራሪያ አላስፈለገንም፤ አይተነዋል።

ያን ስትለኝ ግን አንድ ሌላ ነገር አስታወስኩ፤ ለእህቴም አልነገርኳት። ልጆች ሆነን ጤፋችንን በረዶ የመታው ጊዜ፣ አባቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ይዞ፣ እናቴ እያለቀሰች፣ ግቢው ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ውሻችን ወጥቶ በረዶውን ይልስ ነበር። አንዷን ጠጠር በጥርሱ ይዞ ይሰብራታል፣ ደንግጦ ይተፋታል፣ መልሶ ይፈልጋታል። ጅራቱ አላረፈም። ያን ቀን በግቢያችን የተደሰተ ፍጥረት እርሱ ብቻ ነበር። አባቴ አየው። ድንጋይ ያነሳበታል ብዬ ጠበቅሁ፣ አላነሳም። ዝም ብሎ ሲያየው ቆየ።

የእታለም ጥያቄ ግን በትዝታ የሚመለስ አይደለም። በኋላ በረጋ ድምፅ እንዲህ አለችኝ፤ «ለአንድ ልጅ ሙዝ የምትገዛ እናት እዚህ የምትመርጠው ጠቁሮ የረከሰውን ነው።» እውነቷን ነው። የልጆችን እንጀራ ለውሻ መጣል ተገቢ እንዳልሆነ ራሱ ጌታ ለከነዓናዊቷ ሴት ነግሯታል። ዮሐንስ አፈወርቅም ደኻ ተርቦ ሳለ እንስሳቸውን በወርቅ ልጓም የሚያስጌጡትን ባለጠጎች አልማራቸውም። ውሻ ወዳዶች ይህን ነገር በፈገግታ ሊያልፉት ሲሞክሩ ያናድደኛል። ልጄ ከአንድ ከረጢት የውሻ ምግብ ጋር ያመጣችውን ደረሰኝ አይቼ በብር አባዝቼዋለሁ፤ ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፣ የሚያነበው ሰው ሌላውን ነገር ሳይሰማኝ እንዳይቀር።

ነገር ግን የከነዓናዊቷን ታሪክ እንደገና ላንሳው፤ የቅኔ ተማሪ ነበርኩና አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። መተርጉማን ውሾቹ አሕዛብ ናቸው ይላሉ፣ እንጀራው ትምህርቱ ነው፣ ልጆቹ እስራኤል ናቸው። ይህ ወርቁ ነው፤ ጽድቅ ነው፣ አልነካውም። ሰሙስ? ሰሙ ውስጥ አንድ ቤት አለ፣ ማዕድ አለ፣ ከማዕዱ ሥር እውነተኛ ቡችሎች አሉ። ሴቲቱ የረታችው በዚያ ሰም ነው። ቤት ውስጥ የሚሆነውን ታውቃለች፤ ልጅ ሲበላ ፍርፋሪ ያንጠባጥባል፣ ቡችላው ያን ይበላል፣ ማንም አይከለክለውም። ሙግቷ የተመሠረተው ውሻው ከቤቱ ማዕድ የሚደርሰው መኖሩን ሁሉም ሰው በማወቁ ላይ ነው። ያ ባይሆን ኖሮ መልሷ መልስ አይሆንም ነበር። እኛ ወርቁን ስንቆፍር ኖረን፣ ጉድጓዱ አጠገብ የተኛውን ውሻ አላየነውም።

እንዲህ ስል ፍርፋሪና በአጥንት መልክ የተቀረጸ የሙዝ በረዶ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ልዩነታቸው ነው ያስጨነቀኝ። ፍርፋሪ ይወድቃል፣ ማንም አልሠራውም። የቁይ ውሻ የሚበላው ሁሉ የወደቀ ነው፤ አጥንቱ የእኛ ሥጋ ቅሪት፣ ኮቾሮው የእኛ እንጀራ ቅሪት፣ የሞተው ጥጃ የእኛ ኪሳራ። ሕይወቱን በሙሉ ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ነገር ሳይቀምስ ይሞታል። በዚህ ደግሞ እኔም የቆሎ ተማሪ ሳለሁ አቻው ነበርኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስበላ፣ ለእኔ ተብሎ የተጋገረ አንድ እንጀራ አልበላሁም። ከዚያ በኋላ ቤቴ ተመልሼ እናቴ ለእኔ ብላ የጋገረችውን አነባበሮ ስታቀርብልኝ የበላሁት እያለቀስኩ ነው። ርቦኝ አልነበረም ያለቀስኩት።

እና ትርፍ ሌላ፣ ድርሻ ሌላ ነው። ጥያቄዬም እንስሳ ድርሻ አለው ወይ የሚል ሆነ።

የነነዌን ጾም በዓመት ሦስት ቀን የምንጾም ሰዎች ይህን ለመጠየቅ ማፈር የለብንም። በትንቢተ ዮናስ የነነዌ ንጉሥ ሲያውጅ ሰው ብቻ እንዲጾም አላለም፤ ከብቱም መንጋውም እንዳይቀምስ፣ ማቅም እንዲለብስ አዘዘ። ማቅ የለበሰ በሬ አስቡት። መጽሐፉም የሚያልቀው እግዚአብሔር ዮናስን በመጠየቅ ነው፤ ቀኝና ግራቸውን ለማያውቁ ከ120,000 ለሚበልጡ ሰዎችና ለብዙ እንስሳት አልራራምን ዓይነት ጥያቄ። እንስሳቱ የመጨረሻው ቃል ውስጥ አሉ። ማንም አላስገደደውም ነበር ሊቆጥራቸው። መጽሐፈ ጦቢትም፣ ከ81ዱ የምንቆጥረው፣ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ሲሄድ ውሻው አብሮ መከተሉን ይናገራል። ውሻው በታሪኩ ውስጥ የሚሠራው ምንም ነገር የለም። ሄደ፣ ተመለሰ። ጸሐፊው ሊተወው አልወደደም።

በደብረ ማርቆስ አብሮኝ ያስተማረ አንድ ሙስሊም ወዳጅ ነበረኝ። ለእነርሱም የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ የነካውን ዕቃ ደጋግመው ያጥባሉ። እርሱ ነው ግን አንድ ሐዲስ የነገረኝ፤ የተጠማ ሰው ጉድጓድ ወርዶ ጠጥቶ ሲወጣ ከጥማት ብዛት እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ ያገኛል። ተመልሶ ይወርድና ጫማውን ውኃ ሞልቶ፣ በጥርሱ ነክሶ፣ በሁለት እጁ ቧጦ ወጥቶ ያጠጣዋል። ኃጢአቱ ተሰረየለት። እኔም የእኛውን በላዔ ሰብእን ነገርኩት፤ 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተለመነ አንድ ጥርኝ ውኃ እንዴት እንደዳነ። በላዔ ሰብእ ያጠጣው ሰው ነው፣ ያኛው ያጠጣው ውሻ። ሁለታችንም ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ዝም አልን። ያን ጊዜ ያልገባኝ አሁን የሚታየኝ ይህ ነው፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ውሻውን ከመቅደሱ ያርቁታል፣ ሁለቱም ከውኃው አላራቁትም። አንድ ነገር ርኩስ ነው ማለትና አይገባውም ማለት የተለያዩ ናቸው፤ እኛ ግን የመጀመሪያውን ስንሰማ ሁለተኛውን ከራሳችን ኪስ እናወጣለን።

ጥቅምት ላይ አገሬ ገባሁ። የንስሐ አባቴን ሳገኝ መጀመሪያ የተናገርኩት የማንኪያዋን ነገር ነው። ከትከት ብለው ሳቁና «ጣፈጠህ?» አሉኝ።

«ጣፍጦኛል፣ አባቴ።»

«እርሱ እንግዲህ ስግደት አለው።» ቁጥሩን ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ፣ ልነሳ ስል፣ «ለመሆኑ ለማን ብለህ ነው የሠራኸው?» አሉ።

«ለውሻው።»

«ለውሻው? ወይስ ለልጅህ?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ትርፍና ድርሻ ያን ሁሉ ያወጣሁ ያወረድኩ ሰው፣ ያን በረዶ ስሠራ ውሻውን አስቤው አላውቅም። ልጄ ደስ እንዲላት ነበር። ማታ ስትመጣ «ሠሩለት?» ስትል ፊቷ የሚሆነውን ለማየት። ቡና ግን ከአባትና ከልጅ መካከል እንደወደቀ ፍርፋሪ ነው ያገኘው። ከልብ አልነበረም፤ በሁለቱም ትርጉሙ።

ቤቴ ውሻ አለኝ። ስሙ ምን አገባው ነው። ያወጣሁለት ስም ለእርሱ እንዳልሆነ የአገሬ ሰው ያውቃል፤ አጥር ከሚጋራኝ ጎረቤቴ ጋር ስለ ወሰን ተቀያይመን በነበረ ጊዜ ነው፤ ውሻዬን በጠራሁ ቁጥር መልእክቱ አጥር ይሻገር ነበር። ጎረቤቴም «ታያለህ» የሚባል ቡችላ አምጥቶ መለሰልኝ። ኋላ ታረቅን፣ ስሞቹ ግን ቀሩ። አስቡት፤ ይህ እንስሳ የሚጠራበት ስም እንኳ ከእኔ ጠብ የተረፈ ነው።

መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ ቁይ ፀሐይዋ በምትበረታበት ወቅት፣ ሞከርኩት። እርጎውን ተውኩት፤ ማንኪያዬን አላምናትም። ሙዝ ከገበያ ገዛሁ፣ ጠቁሮ የረከሰውን፤ ለዚህ ሥራ እርሱ ይሻላል፣ ይበልጥ ይጣፍጣል። በሹካ አድቅቄ፣ ጥቂት ውኃ ጨምሬ፣ አጥንት የሚመስል መቅረጫ ስለሌለኝ በቡና ሲኒዎች ሞላሁት። አስፋልቱ ዳር ያለችው ሻይ ቤት ፍሪዘር አላት። ባለቤቷ ለማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ለቤት» አልኳት፤ ውሸት አይደለም። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን ሲኒዎቹን በፌስታል ይዤ ስመጣ ከሥር ገና ውኃ ነበሩ።

ምን አገባው ጥላው ውስጥ ተኝቷል። ሲኒውን ገልብጬ ሳሕኑ ላይ ሳኖርለት ተነስቶ መጣ። ማንም ሳይበላ፣ ሳይተርፍ፣ በቀጥታ ወደ እርሱ የመጣ ነገር አይቶ አያውቅም። ሳሕኑን ሳይሆን እኔን አየ። ከዚያ ወደ ኋላዬ አየ፤ ሌላ የሚበላ ሰው እየጠበቀ ይመስላል። አሸተተ፣ በምላሱ ነካው፣ ዘሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ አስነጠሰ። ጥርሱን ገለጠበት። ተመልሶ ላሰው። በረዶዋ በሳሕኑ ዙሪያ ትሸሻለች፣ እርሱ ይከተላታል። የአባቴን ዓይን አስታወስኩ።

የጎረቤት ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ። ሁለት ሲኒ ቀርቶኝ ነበር፤ ለእነርሱ ሰጠኋቸው። ይህን የማነሳው ለእታለም ስል ነው፤ እርሷም በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ እየፈተለች ሁሉን ታያለች። ቃል አልተነፈሰችም። እንዝርቷ ግን ቆማለች።

በዚህ መሐል ከበሩ ውጭ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል ተሰማ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ደበሎው ከእርሱ ይሰፋል። ዱላውን ወደ ፊት አድርጎ፣ አንድ እግሩን ወደ ኋላ፣ እኔ እቆም እንደነበረው ቆሟል። ምን አገባው ሳሕኑን ትቶ ወደ በሩ ተወረወረ። እታለም ተነሥታ ገብታ እንጀራ በሽሮ አምጥታ ሰጠችው። ልጁ አኩፋዳው ውስጥ እየከተተ ዓይኑ ወደ ሳሕኑ ሄደ።

«የኔታ፣ እርሱ ምንድን ነው?»

«በረዶ ነው። የሙዝ።»

«የወረደ?»

«አልወረደም። ለእርሱ ሠርቼለት ነው።»

ወደ ውሻው አየ፣ ወደ እኔ አየ። ያልኩትን ያመነ አይመስልም። አንደኛው ልጅ ከአጥሩ ላይ በጥርሱ የተጋጠ ቁራጩን አቀበለው። አፉ ውስጥ ከተታት፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ ሳቀ። ግማሹን ከአፉ አውጥቶ በመዳፉ ያዛት፤ ውኃዋ በክንዱ ላይ ይወርዳል። ምን አገባው በሩ ሥር ሆኖ ያጉረመርማል። ልጁ የሚያልፈው በዚያ ነው።

ቁራጯን ወረወረለትና ፈጠን ብሎ ወጣ። ፈርቶ ይሁን ሰጥቶት፣ ጠርቼ አልጠየቅሁትም።